የሙሽራዋ ሹሩባና የሳንባዋ ፎቶ

በእኛ ጊዜ ራጅ እንደ ዛሬው በኮምፒዩተር አጉልተህ አሳንሰህ የምታየው እንዳይመስልህ! ፊልሙን አጥበህ፣ አድርቀህ፣ መብራት ላይ ሰቅለህ፣ ዓይንህን አፍጥጠህ ነው። ፊልም ደግሞ ብርቅ ነው። ታዲያ እኔ ይህን ሙያ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የተማርኩ ሰው ነኝ፣ እሱን ያዝልኝ።

ጋይንት ነው፣ የሆስፒታሉን ስም አልጠራም። አንድ ቀን ስገባ ጠዋት ተረኛው ያነሣት የአንዲት ልጅ ፎቶ መብራቱ ላይ ተሰቅሏል። ስለናት ትባላለች፣ የስማዳ ልጅ ናት፣ ሰርጓ ለእሑድ ነው። እና ስትስል የሙሽራው አባት ሰማ፣ ራሱ ይዟት መጣ። በሩ ላይ ቆሞ «ነቀርሳ ካለባትማ ድግሱ ይቅር! ልጄን አልድርም!» ይላል። እሷ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ታለቅሳለች።

ዋና ሐኪማችን እንዲህ ደረቱን ነፍቶ፣ በእስክሪብቶ እየጠቆመ፣ «ይኸው! የሁለቱም ሳንባ ጫፍ ላይ ጭረት አለ። ነቀርሳ ነው፣ መድኃኒት ትጀምር» አለ።

አየሁት። ደግሜ አየሁት። ጭረቱ ከሳንባዋ ወጥቶ፣ ትከሻዋን አልፎ፣ ወደ አንገቷ ይወጣል! ነቀርሳ ከሳንባ ወጥቶ ትከሻ ላይ ይሄዳል እንዴ? እስቲ አንተ ንገረኝ! ዞር ብዬ ልጅቱን ባያት፣ ለሰርጓ የተሠራችው ሹሩባ፣ ወፍራም፣ ቅቤ የጠገበ፣ ከነጠላዋ ሥር ትከሻዋ ላይ ተጋድሟል።

«ዶክተር፣ ይኼ ፀጉር ነው!»

«ምን?»

«ሹሩባዋ ነው። አናቷ ላይ ይሰብሰብና ደግመን እናንሣት።»

«ያንተ ሥራ ማንሣት ነው፣ ማንበብ የእኔ! ፊልም በከንቱ አላቃጥልም!»

ታዲያ ዝም ልበል? ልጅቱ ሰርጓ ሊፈርስ! አብራት የመጣችውን አክስቷን «እቴ፣ ፀጉሯን ወደ ላይ ሰብስቢልኝ» ብላት፣ «በስመ አብ! የሙሽራ ፀጉር አማቷ ፊት ይገለጣል?» አለችኝ። ለካ ጠዋትም ሰውየው በሩ ላይ ስለቆመ እንደተከናነበች ነው ያነሷት! እና «አባቴ፣ እባክዎ ውጭ ይጠብቁ» ብዬ አስወጣሁት፣ በሩን ዘጋሁ፣ አክስቷ እያጉረመረመች ሹሩባውን አናቷ ላይ በሻሽ አሰረችው፣ አነሣኋት።

ፊልሙን ከውኃው አውጥቼ መብራቱ ላይ ሰቀልኩት። ጥርት ያለ ሳንባ! ጥርት ያለ! አክታዋንም አስመረመርን፣ ንጹሕ። ጉንፋን ነው!

ዋና ሐኪሙስ ምን አለ? «ትእዛዝ ጥሷል፣ ፊልም አባክኗል» ብሎ ለበላይ አመለከተ። ለከፍተኛ ትምህርት የምሄደው እኔ ነበርኩ፣ በዚህ ሰበብ ሌላ ሰው ሄደ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል፣ አልዋሽህም።

ሰርጉ ላይ ተጠራን። እኔ በሩ አጠገብ፣ እሱ ከሽማግሌዎቹ መሀል። የሙሽራው አባት ተነሥቶ፣ ወደ ዋና ሐኪሙ እያመለከተ፣ «ምራቴን ከነቀርሳ ያዳነልን ሐኪም ይኸው!» ሲል ዳሱ በእልልታ ተናጋ። እሱ ደግሞ ጎንበስ፣ ቀና፣ ጎንበስ! እጅ ይነሣል!

ምን አልክ? ሙሽራዪቱስ? እሷማ አመስግናኛለች! በአጠገቤ ስታልፍ ጠጋ ብላ፣ «እርስዎ ነዎት አይደል ሹሩባዬን ያበላሹብኝ? እንደገና ስሠራ ዋልኩ እኮ!» አለችኝ። ኪ ኪ ኪ! ምስጋናዬ ይኸው ነው!