የሚቀጥለው ዓመት መንገደኛ

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ጣልያን አገር ባሪ ከተማ ውስጥ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ያለው ሜዳ የጆርጂያ ሴቶች ነው። ሽማግሌ የሚጦሩት፣ አልጋ ላይ የዋለች አሮጊት የሚያገላብጡት ሁሉ የግማሽ ቀን ዕረፍታቸውን ይዘው እዚያ ይወጣሉ። ጆርጂያ ውስጥ ወዳለችው ኩታይሲ ከተማ የሚሄዱት ሚኒባሶች የኋላ በራቸውን ከፍተው ይጠብቃሉ። ሴቶቹ ራሳቸው ተሳፍረው መሄድ ስለማይችሉ ዕቃቸውን ያሳፍራሉ፤ የወይራ ዘይቱ፣ ፓስታው፣ የልጅ ጫማው አገር ቤት ይገባል፣ የገዛችው ሴት ግን ሜዳው ላይ ቆማ ትቀራለች። ይህን በየሳምንቱ የሚያይ ሰው ውሎ አድሮ ይለምደዋል። ክፋቱም እዚያ ላይ ነው።

ላማራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከዚህ ሜዳ ቀርታ አታውቅም። የኮሮና ወረርሽኝ ጋብ ባለበት በዚያ በጋ ግን ካርቶኗን አስራ ከጨረሰች በኋላ ለሾፌሩ መስጠት አቃታትና እጇን ገመዱ ላይ እንዳደረገች ፈዝዛ ቆመች። ባለፈው እሑድ ለእናቷ ደውላ ነበር። እናቷ ማቅቫላ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፤ መንደር ውስጥ ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ስልኩን ከመዝጋታቸው በፊትም ሁልጊዜ «መቼ ነው የምትመጪው?» ይላሉ። ላማራም ሁልጊዜ «የሚቀጥለው ዓመት» ትላለች። ባለፈው እሑድ እናቷ ስለ ዶሮዎቹ አወሩ፣ ስለ ዝናቡ አወሩ፣ «በይ ደኅና ሁኚ» ብለው ዘጉ። አልጠየቁም። ከዚያ ወዲህ ላማራ እህል በአፏ ዞሮ አያውቅም ማለት ይቻላል።

«እትዬ ላማራ? የእማማ ማቅቫላ ልጅ አይደሉም?»

ዞር ስትል ጭምብል ያደረገች ባለ መነጽር ወጣት ቆማለች።

«ነኝ። አንቺን ማን ልበል?»

«ቴክላ ነኝ። የዚና ልጅ፣ ከድልድዩ ማዶ የነበርነው።»

«የዚና? ያቺ ንፍጧ የማይደርቀው?»

«አሁን ደርቋል» አለች ቴክላ ጭምብሏን ዝቅ አድርጋ። መተቃቀፍ የተከለከለበት ጊዜ ቢሆንም ተቃቀፉ።

ቴክላ እዚሁ ባሪ ሕግ ተምራ በአንድ የሠራተኞች ማኅበር ቢሮ ትሠራ ነበር። ወደ ሜዳው የመጣችው መንግሥት በዚያ በጋ የከፈተውን በር ለሴቶቹ ልትነግር ነው፤ ያለ ፈቃድ በሰው ቤት የሚሠሩ፣ አሠሪያቸው ከፈረመላቸው የመኖሪያ ፈቃድ መጠየቅ ይችላሉ። በጋው ሳያልቅ ግን በሩ ይዘጋል።

«እርስዎስ አመለከቱ?» ስትል ጠየቀቻት።

«ለእኔ ምን ይሠራልኛል? የመኖሪያ ፈቃድ ለሚኖር ሰው ነው። እኔ መንገደኛ ነኝ፤ የሚቀጥለው ዓመት አገሬ እገባለሁ።»

«አምና ምን ብለው ነበር?»

«አምና... አምና የልጅ ልጄ ትምህርት ነበረብኝ።»

«ካቻምናስ?»

«ካቻምና የእናቴ ጣሪያ። አንቺ ልጅ፣ ፖሊስ ሆነሽ ነው እንዴ የመጣሽው?»

እውነቱን ለመናገር ላማራ ብቻዋን አይደለችም። ሜዳው ላይ ካሉት ሴቶች ግማሾቹ የሚቀጥለው ዓመት መንገደኞች ናቸው። ላማራማ የእጅ ሰዓቷን እንኳ እስካሁን በአገሯ ሰዓት ነው የምትሞላው፤ የምትጦራቸው ሽማግሌ ሲኞር ዶናቶ መድኃኒታቸውን የሚውጡት እሷ ልዩነቱን ቀንሳ በደረሰችበት ሰዓት ነው። በክፍሏ ግድግዳ ላይ አንዲት ሚስማር አልመታችም። ሚስማር የመታ ቀረ ማለት ነው ብላ ታምናለች። ፈቃድ መጠየቅም እናቷን በቁም እንደ መቅበር ነበር የሚታያት። በዚህ የሚስቅ ካለ አገሩን ለቆ የማያውቅ ሰው ነው።

አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ቴክላ ካርቶኑን ተቀብላ እግሯ ሥር አደረገችው።

«ይስሙኝ እትዬ። ዘጠኝ ዓመት ከዚህ ንቅንቅ ያላሉት በምን ምክንያት ይመስልዎታል?»

«ብወጣ መመለስ ስለማልችል ነዋ። ሥራዬ ከቀረ ልጄ ብቻውን ምን ሊያደርግ ነው?»

«ፈቃድ ያላቸው ግን ለፋሲካ ሄደው ይመጣሉ። እንግዲህ እዚህ አገር ተተክሎ የቀረው ማነው? እነሱ ናቸው ወይስ እርስዎ?»

«ላፍ ዳገት የለውም። ያለ ወረቀት ስኖር ማን ነካኝ? ፖሊስ ሲመጣ የሲኞር ዶናቶን ክንድ እይዛለሁ። ፖሊሱም ‹እንዴት ዋሉ አባባ› ብሎን ያልፋል። የእኔ ወረቀት እሳቸው ናቸው።»

«ወረቀትዎ ሰማንያ ስምንት ዓመቱ ነው፣ እትዬ።»

«አታሟርቺ።»

«አላሟረትኩም፤ ዕድሜ ይስጣቸው። ግን እሳቸው ያለፉ ዕለት ሥራዎም፣ አልጋዎም፣ ወረቀት ያሉትም አብረው ይሄዳሉ። ከቀብር መልስ ሻንጣዎን ይዘው ደጅ ነው። ውል ቢኖርዎት የማስጠንቀቂያ ጊዜ አለ፣ የአገልግሎት ክፍያ አለ። ሲታመሙ ሐኪም ቤት ሳይሳቀቁ ይገባሉ። ከደመወዝዎ ጋር የሚከፈለው መዋጮ ለጡረታዎ ይቀመጣል። በፈቃድ አምስት ዓመት ሲሞላዎት ደግሞ የረጅም ጊዜውን ይጠይቃሉ፤ ያን ጊዜ በአሠሪ ፊርማ ላይ መንጠልጠል ቀረ።»

«ይኼ ሁሉ መቅረት ለፈለገ ሰው ነው» አለች ላማራ፤ ድምጿ ግን እንደ ቅድሙ አልጠነከረም።

የተማረ ሰው አንዳንድ ጊዜ እውቀቱን እንደ ጎርፍ ይለቅና የሰሚውን አፈር ጠርጎበት ይሄዳል። ቴክላ ይህን ታውቅ ነበር። ሚኒባሱ ውስጥ ዕቃ ሲደረደር ጥቂት አየች። ከዚያ በሌላ ድምፅ ተናገረች።

«አያቴ የሞተች ጊዜ ትዝ ይልዎታል?»

ላማራ መሐረቧን ከቦርሳዋ አወጣች።

«እናቴ እዚህ ነበረች፣ ያኔ ያለ ፈቃድ። ስልኩን አያቴ ጆሮ አጠገብ አድርጌ እንድይዝ ተነገረኝ። እናቴ ከዚህ ሆና ሙሾ ታወርዳለች፤ ቤቱን የሞላው ሰው ይሰማታል። ክንዴ ሲዝልብኝ ከሥር ደግፎ የያዘልኝ ማን ነበር?»

«እኔ ነኝ» አለች ላማራ በቀስታ። «ኋላም የስልኩ ሒሳብ አለቀባት።»

«መሐል ላይ አለቀባት።»

«‹እማዬ ቀና በይና› ስትል ነው የተቋረጠው። ቤቱ ጭጭ አለ። አልቃሾቹ እንኳ ማን ይቀጥል ብለው ተያዩ። ያን ቀን፣ እግዜር ይኼን ለጠላቴም አይስጠው ብዬ ነበር። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ እኔው በእግሬ መጣሁ።»

«እናቴ ቀጥሎ በር ሲከፈት አመለከተች፤ እኔንም አመጣችኝ፣ አስተማረችኝ። አሁን በየዓመቱ የአያቴን መቃብር ታጸዳለች። ግን ያቺን ሙሾ እስከ ዛሬ አልጨረሰቻትም።»

ላማራ እንባዋ መጣ። ለማንም ያልነገረችውን የተናገረችው ያን ጊዜ ነው።

«እናቴ መጠየቅ አቁማለች፣ ልጄ። መቼ ነው የምትመጪው ማለት ትታለች። ቆርጣ ነው። ተስፋዋን ቆርጣ ነው» አለችና አፍንጫዋን ጠረገች። «ብጠይቅ መቼ ነው የማያት?»

«አልዋሽዎትም። ጉዳዩ እስኪያልቅ መውጣት አይቻልም፤ ዓመት ሊያልፍ ይችላል፣ ከዚያም በላይ።»

«እስከዚያ ብትሞትስ?»

«ሊሆን ይችላል። የማውቀው ዛሬ ካልጀመሩ የሚቀጥለው ዓመት እንደማይመጣ ነው።»

ላማራ ተነሥታ ካርቶኗን ለሾፌሩ ሰጠች። ተመልሳ መጥታም «ችግሩ ሽማግሌው ናቸው» አለች። «‹ልጄ› እያሉ ነው የሚጠሩኝ። ልጄ የሚል ሰው ፊት ፈርምልኝ ብሎ እንዴት ይቆማል? አፌ አይፈታልኝም።»

«አብረን እንቆማለን» አለች ቴክላ። ወደ ቤት ሲሄዱ ላማራ ስለ ሽማግሌው፣ ቶሪኖ ስላለችው ልጃቸውና ስለ ሰጧት የወይራ መሬት አወራቻት።

ሲኞር ዶናቶ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ካርታ ብቻቸውን ይጫወቱ ነበር፤ ራሳቸውን እያጭበረበሩም ቢሆን ይሸነፋሉ። ድሮ ድንጋይ ጠራቢ ነበሩ፤ ጣቶቻቸው እስካሁን ወፋፍራም ናቸው። ቴክላ ጉዳዩን በትሕትና አስረዳቻቸው። ሽማግሌው ካርታቸውን ሳይለቁ ሰሙ።

«ላማራ ልጄ ናት። ከልጅ ጋር ውል የሚፈራረም ሰው የት አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«አባባ፣ ቶሪኖ ላለችው ልጅዎ የወይራ መሬቱን ሲሰጧት በቃል ነው የሰጧት?»

«በቃልማ ይሆናል? ውል አዋዋይ ፊት ነው እንጂ።»

«እንግዲህ ለልጅ ይፈረማል ማለት ነው።»

ሽማግሌው በሳል የተቋረጠ ሳቅ ሳቁ። «ይቺን ምላስ ከየት አመጣሻት ላማራ? ከገበያ ነው?» አሉ። ሳቃቸው አልቆየም። ካርታዎቹን ሰብስበው ደጋግመው ካስተካከሉ በኋላ የልባቸውን አወጡት።

«ያለፈው ጊዜ በር ሲከፈት ፎቅ ላይ ያለችው ባልቴት ለምትጦራት ለዩክሬኗ ሴት ፈረመችላት። ወረቀቱ የወጣ ሰሞን ሴትዮዋ ሪሚኒ ከተማ ሄዳ ሆቴል ቤት ሥራ ገባች። ባልቴቲቱ አሁን ድስቷን የምታነሣላት የላትም። እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም። ግን ይቺ ከሄደች ማን አለኝ?»

ላማራ ደነገጠች። በዚህ ሁሉ ዓመት ፈሪዋ እሷ ብቻ ትመስላት ነበር። ለካ ሽማግሌውም ማታ ማታ የክፍሏን በር ድምፅ ያዳምጣሉ።

«አባባ» አለች ቴክላ፣ «ያለ ወረቀት ያሉትም ይሄዳሉ። ናፍቆቱ ሲብስባቸው አንድ ጠዋት ተነሥተው ይሄዳሉ፤ ከዚያ ቢፈልጉም መመለስ አይችሉም። እርስዎ ሰው አገር ሠርተው አያውቁም?»

«ስዊስ ሠርቻለሁ እንጂ። በዓመት ዘጠኝ ወር ድንጋይ ያስጠርቡንና ክረምት ሲገባ ያባርሩናል። ሚስት ማምጣት ክልክል፣ ልጅ ማምጣት ክልክል። ልጄ ሮዛሪያ ስትወለድ አላየሁም፤ ስመለስ ከእኔ ሸሽታ እናቷ ጉያ ገባች።»

«ዛሬ መጥተው ይኑሩ ቢሉዎትስ?»

«ሞቼ ነው።»

«ምን ቅር አለዎት?»

«በራቸውን ሁሉ ሠርቼ አንድ ቁልፍ አልሰጡኝማ» አሉ ሲኞር ዶናቶ። ያሉትን ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ነው የሰሙት። ላማራን አዩዋት፤ የያዘችውን የወጥ ማንኪያ አዩ።

«ዞረሽ ዞረሽ እኔው ላይ አመጣሽው» አሏት ቴክላን።

የሰው ልብ በጭቅጭቅ ብዛት የተረታበት ጊዜ ጥቂት ነው። በሌላው ላይ የሚያደርገውን በራሱ ላይ ተደርጎ ያየ ዕለት ግን መከራከሪያው ያልቅበታል።

ላማራ እስካሁን ያልተፈታው አፏ ያኔ ተፈታ። «ሲኞር ዶናቶ፣ አልሄድም አልልዎትም። እሄዳለሁ። እናቴ ሳላያት ብትሞት ከእንግዲህ የሰው እናትና አባት በእጄ ማጠብ የምችል አይመስለኝም። ግን እመለሳለሁ።»

«ማስያዣ አለሽ?»

«የለኝም።»

«እስክሪብቶ አምጪ እንግዲህ» አሉ።

ፈቃዱ ሁለት ክረምት አስጠበቀ። ላማራ ያን ጊዜ ስልክ በጮኸ ቁጥር የእናቴ መርዶ ነው ብላ ትሰጋ ነበር። በየእሑዱ ለእናቷ ወረቀቱ የደረሰበትን ትነግራለች፤ እናቷ መጀመሪያ ዝም ብለው ይሰሙ ነበር፣ ኋላ ግን «ዛሬስ ምን አሉሽ?» ማለት ጀመሩ። በጸደይ ፈቃዱ ወጣ። ላማራን እንዲተኩ ሮዛሪያ ከቶሪኖ መጡ፤ ከአባታቸው ጋር አንድ ወር ሙሉ ሲቀመጡ ካገቡ ወዲህ የመጀመሪያቸው ነው። የውሉ ጥቅም ላልታሰበለት ሰውም ተረፈ።

ላማራ አገሯ ስትገባ እናቷን በሕይወት አገኘቻቸው። ግን ጥላ የሄደቻቸው ረጅሟ ሴት አልነበሩም፤ ሲያቅፏት ግንባራቸው ደረቷ ላይ ነው የደረሰው። ያለፉት ዓመታት በምንም ወረቀት አይመለሱም። አንድ አልጋ ላይ እየተኙ፣ የተበተነውን የወይን ሐረግ አብረው እያሰሩ፣ ወሩ እንደ ቀን አለቀ። ላማራም ሌላ ጣጣ መጣባት፤ ሲኞር ዶናቶ መድኃኒታቸውን ወሰዱ ይሆን እያለች ስታስብ ራሷን ታገኘዋለች። ናፍቆት ወረቀት ሲያገኝ አይሞትም። ልዩነቱ ሁለቱም በር የሚከፈትላት ሰው መሆኗ ነው። የወይን ለቀማ ሲደርስ እንደምትመጣ ለእናቷ ነግራቸዋለች፤ የመመለሻዋም ትኬት ተቆርጧል። የእሷን ያዩ ሦስት የሜዳው ሴቶችም በዚያው በጋ፣ በሩ ሳይዘጋ፣ በቴክላ ቢሮ በኩል ፈርሙልን ብለው አሠሪዎቻቸው ፊት ቆመው ነበር።

የመሄጃዋ ቀን የመንደሩ ሴቶች እንደ ልማዳቸው ደጃፉ ላይ ተሰበሰቡ። ወደ ጣልያን የምትሄድ ሴት እንደ ሬሳ ነው የምትሸኘው፤ ከዚና በቀር ማን ተመልሶ ያውቃል? ላማራ መኪናው ውስጥ ስትገባ አንዷ ድምፅ አሰማች፣ ሌሎቹም ለቅሶውን ተቀበሉ። ማቅቫላ ከዘራቸውን እየመቱ መሐላቸው ገቡ።

«ዝም በሉ እናንተ» አሉ። «ይኼ ለቀረ ሰው ነው። የእኔ ልጅ ሥራ ልትገባ ነው።»