ስለ አቶ ዘመነ ሞተር ሳይክል ማሳ የተሰጠ የምስክር ቃል

የምስክሩ ስም፦ አንሙት ገብረ ኪዳን
ዕድሜ፦ 46
ሥራ፦ የሞተር ሳይክል ጥገና
አድራሻ፦ ደብረ ማርቆስ ከተማ፣ ቀበሌ 06
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ሰኔ 14 ቀን 2003 ዓ.ም.
ቃል ተቀባይ፦ ምክትል ሳጅን ወልደ ሩፋኤል ዓባይ
የተጠርጣሪው ስም፦ ድረስ ገዳሙ
የግል ተበዳይ፦ አቶ ዘመነ የኋላሸት

እኔ ከላይ ስሜና አድራሻዬ የተገለጸው ምስክር ይህን ቃል የሰጠሁት ተጠርቼ ሳይሆን በራሴ ፈቃድ መጥቼ ነው። ትናንትም መጥቼ "ስትፈለግ ትጠራለህ" ተብዬ ተመልሻለሁ። ዛሬም ብመለስ ኖሮ ነገ እመጣ ነበር። የመጣሁበት ምክንያት በእኔ ጋራዥ የኤሌክትሪክ ሥራ የሚሠራው ድረስ ገዳሙ የአቶ ዘመነን ሞተር ሳይክል ሆን ብሎ በማበላሸት ሰው ለመግደል ሞክሯል ተብሎ መታሰሩንና ነገ ፍርድ ቤት እንደሚቀርብ በመስማቴ ነው። ድረስ ይህን አላደረገም።

ድረስና አቶ ዘመነ በአምበር አካባቢ የአንድ ቀበሌ ተወላጆች ናቸው። ቤተሰቦቻቸው በአንድ የጤፍ ማሳ ድንበር ለዓመታት ሲካሰሱ መቆየታቸውን አውቃለሁ፣ አልደብቅም። ሆኖም አቶ ዘመነ ሞተሩ በተበላሸ ቁጥር ወደ ድረስ እንጂ ወደ ሌላ ባለሙያ ሄዶ አያውቅም። ስንጠይቀው "ከዘመዶቹ ነው የተጣላሁት፤ ከእጁ አልተጣላሁም" ይል ነበር።

ቅዳሜ ሰኔ 11 ቀን ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ አቶ ዘመነ ወደ ጋራዣችን መጥቶ የሞተሩ የፊት መብራት እየበራ እየጠፋ እንዳስቸገረው ነገረን። ሞተሩ አሮጌ ነው። ስንት ሰው እንደነካካው በየሽቦው ላይ የተጠቀለለው ፕላስተር ይናገራል፤ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ጭራሽ የቁስል ፕላስተር ነው። ድረስ ባትሪውን፣ ፊውዙንና አምፖሉን መርምሮ ደህና ሆነው አገኛቸው። ከዚያ መሪውን ወዲያና ወዲህ ሲያዞር መብራቱ የሚጠፋው ወደ ግራ ሲዞር ብቻ መሆኑን ደረሰበትና ጠራኝ። እኔም አይቼ "ማሳው ነው። ንቀለውና አዲስ አስገባ" ብዬ አዘዝኩት። ለዚህ የነዳጅ ጋኑን ማውረድና ሽቦውን ሁሉ መፍታት ስለሚያስፈልግ ሞተሩ ጋራዥ እንዲያድር ለአቶ ዘመነ ነገርነው።

አቶ ዘመነ ግን በማግስቱ የእናቱ ተዝካር ስለነበረ ለማሳደር አልፈቀደም። መሪው ቀጥ ሲል መብራቱ ሲበራ አየና "ይኸው በራ አይደል! ሥራ ፈታችሁ እንዴ?" ብሎን ሞተሩን አስነሣ። ድረስ ተከተለው። የሞተሩ ጩኸት ድምፅ ስለሚውጥ እየጮኸ "አያ ዘመነ! የአንተ ችግር ማሳው ነው! ማሳው ሳይነቀል ከሄድክ መንገድ ላይ ትቀራለህ!" አለው። አቶ ዘመነ በእጁ "ተወኝ" ብሎት ሄደ። ባለቤቱ ወ/ሮ ጥሩብርሃን በዚህ ጊዜ የተዝካሩን ዕቃ ይዛ ከመንገዱ ማዶ ሚኒባስ ትጠብቅ ነበር። ከነገሩ ሁሉ የሰማችው ይህችን ብቻ ነው።

አቶ ዘመነ መንገድ ላይ ዝናብ ይዞት ስለቆየ አምበር ሳይደርስ መሸበት። ያዩት ሰዎች እንደነገሩኝ ወደ ግራ በሚታጠፈው መንገድ ላይ መብራቱ ጠፍቶ ቦይ ውስጥ ገባ። ራሱን ስቶ ወደ ባሕር ዳር ተወስዷል፤ እስካሁን መናገር አልቻለም። እግዚአብሔር ምሕረቱን ያውርድለት። ወ/ሮ ጥሩብርሃን የሰማችውን ለፖሊስ ተናገረች። ድረስም እሑድ ከቅዳሴ ሲወጣ ተያዘ።

ድረስ በምርመራ "ማሳ ያልኩት ሽቦ ነው" ሲል አልታመነም። ቀድሞ የቆሎ ተማሪ የነበረና ቅኔ የቆጠረ መሆኑ ስለታወቀ፣ አንድ የፖሊስ ባልደረባ "ሰምና ወርቅህን እዚያው ጉባኤ ቤት" ብሎ እንደሳቀበት ድረስ ራሱ ነግሮኛል። በዚህ በጣም ተናድጃለሁ፤ መናደዴም ይጻፍልኝ ብያለሁ። የድረስን ቅኔ አውቀዋለሁ፣ ሻይ ቤት ውስጥ ስንቱን ሰው ሰድቦበት ሰዉ ምርቃት መስሎት አሜን ብሏል። የዚያን ቀን ንግግሩ ግን ሰም ብቻ ነው። ወርቅ የለበትም።

በጥገና ሥራ "ማሳ" የምንለው ኤሌክትሪኩ ሥራውን ጨርሶ ወደ ሞተሩ ብረት የሚመለስበትን ሽቦ ነው። ከጣሊያን የቀረ ቃል ነው ይባላል። በማርቆስም ሆነ በሌላ ከተማ ማንኛውም ባለሙያ ይህንኑ ይላል። ቃል ተቀባዩ ይህን ሲጽፉ "የእርሻ" የሚል ቃል ጨምረው ስለነበር፣ በጥያቄዬ ተሰርዞ ፊርማዬን አኑሬበታለሁ።

ሞተሩ በኤግዚቢትነት በጣቢያው ግቢ ስለሚገኝ ብልሽቱን በፖሊስ ፊት ፈልጌ እንዳሳይ ጠየቅኩ። "ኤግዚቢት አይነካም" ተባልኩ። እኔም "ከብባችሁኝ ቁሙ፤ እናንተ ካላዘዛችሁኝ አንድ ሽቦ አልቆርጥም፤ ካልታየ ግን ከዚህ አልነቃነቅም" አልኩ። በመጨረሻ ተፈቀደልኝ። ዛሬ ከምሳ በፊት ቃል ተቀባዩ፣ ሁለት የፖሊስ አባላትና ወ/ሮ ጥሩብርሃን ባሉበት ሥራውን ጀመርኩ።

የፊት መብራቱ መስታወት ቢሰበርም አምፖሉ ተርፏል። መሪው ቀጥ ሲል በራ፤ ወደ ግራ ሲዞር ጠፋ። ከመብራቱ ማሳ ወደ ሞተሩ ብረት ሌላ ሽቦ በእጄ ሳገናኝ ግን መሪው ወዴትም ቢዞር አልጠፋም። ቃል ተቀባዩ ራሳቸው መሪውን እያዞሩ አረጋገጡ። ቀጥሎ ጋኑን አውርጄ አሮጌውን ማሳ ከመሪው አንገት ሥር አወጣሁት። ላስቲኩ ሙሉ ነው፤ የቢላም የፒንሳም ምልክት የለበትም። ሲታዘዝ ላስቲኩን በምላጭ ሰነጠቅኩት። የውስጥ ክሮቹ በአረንጓዴ ዝገት ተበልተው መሪው በሚያጥፋቸው ቦታ ላይ ተበጣጥሰዋል። ይህ የዓመታት ዝገት ነው። ሰው ላስቲኩን ሳይነካ ውስጡን መቁረጥ አይችልም።

ወ/ሮ ጥሩብርሃን ሽቦውን ተቀብላ አገላብጣ አየችው። "ይቺ ናት ማሳ?" አለችኝ። ይቺ ናት አልኳት። መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። "አያ አንሙት፣ ያ ማሳ ስንት ዓመት አናከሰን። ስሙ ሲጠራ እኔ ሌላ ምን ይሰማኛል?" አለች። አልተቀየምኳትም። ባሏ በሞትና በሕይወት መካከል ላለ ሴት እኔም ብሆን ያንኑ እሰማ ነበር። ቃሏን እንደምታስተካክል ለቃል ተቀባዩ ስትናገር ሰምቻለሁ።

ከዚህ በኋላ "ማስረጃው ለዐቃቤ ሕግ ይላካል፣ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል" ተባልኩ። እውነት ነው፣ ያድርና ይጥራ። ድረስ ግን እውነቱ እስኪጠራ እስር ቤት የሚያድርበት ምክንያት የለም።

ማሳው ይነቀል ያልኩት እኔ ነኝ። ድረስ የእኔን ትእዛዝ ነው ጮክ ብሎ የተናገረው። በዚህ ቃል መታሰር ያለበት ሰው ካለ ድረስ ይውጣና እኔ ልግባ። ለዚህም ጋራዡን ቆልፌ፣ ቁልፉን ለባለቤቴ ሰጥቼ፣ ጋቢዬን ይዤ መጥቻለሁ።

ከላይ የሰፈረው በጆሮዬ የሰማሁት፣ በዓይኔ ያየሁትና በእጄ የፈታሁት ነው። ተነብቦልኝ አንድም ያልተናገርኩት ነገር ስላላገኘሁበት ፈርሜያለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ አንሙት ገብረ ኪዳን

የቃል ተቀባይ ፊርማ፦ ም/ሳጅን ወልደ ሩፋኤል ዓባይ

የቃል ተቀባይ ማስታወሻ፦ ምስክሩ ቃሉን ሰጥቶ ከፈረመ በኋላ እንዲሄድ ቢነገረው አልሄደም። ይህ እስከተጻፈበት ሰዓት ድረስ ጋቢውን ለብሶ በተጠርጣሪ ማቆያው በር ላይ ተቀምጦ ይገኛል።