«ይድገሙልኝ» እና የአባቴ የዓይን ክኒን

ባልደረቦቼ፣ ወንበር ያላገኛችሁ ግድግዳውን ተደገፉ፤ አላስረዝምባችሁም። እትዬ፣ እርስዎም በጡረታ መሸኛዎ ለዛሬ ብቻ ዝም ብለው ይስሙኝ።

እኚህ ፋርማሲስታችን መጀመሪያ የመጡ ዕለት እኔ የዓይን ክፍሉ አዲስ ነርስ ነበርኩ። የንብረት ክፍሉ ሰውዬ ቁልፍ አስረከባቸው፤ ይሄ የመጋዘኑ፣ ይሄ የመድኃኒት መስጫው መስኮት፣ ይሄ የማቀዝቀዣው አለና ሊሄድ ዞረ። «ይድገሙልኝ» አሉት። ሰውዬው ሳቀ፤ እሳቸው አልሳቁም። ሲደግም የመጋዘኑን የመስኮቱ፣ የመስኮቱን የማቀዝቀዣው አደረገው። በር ለበር ሲሞክሩ ረፋዱ አለፈ። ከዚያ ወዲህ እናት አባታቸው ያወጡላቸው ስም ተረሳ፤ እትዬ ይድገሙልኝ ሆነው ቀሩ።

ሻይ የምታመጣልን እህታችን ምስክር ናት። «አንድ ሻይ፣ ስኳር የሌለው» ብለው ካዘዙ ደግማ ሳትነግራቸው አትንቀሳቀስም። ባለቤታቸውም እዚህ አሉ። በስልክ አስቤዛውን ሲያስደግሟቸው፣ እነሱ ቤት አምፖል ማለቁን ከመስኮቱ ማዶ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ያውቃል።

በዚህ ምክንያት ሰልፉ ረዘመ ብሎ ያላጉረመረመ የለም። የእኔ ማጉረምረም ያበቃው አባቴ የታመመ ጊዜ ነው።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነው። ግላኮማ ይዞት፣ ጠብታው ብቻውን የዓይኑን ግፊት አላወርድ ሲል፣ ሐኪሙ የሚዋጥ ክኒን ጨመረለት። ሽንት የሚያበዛ ክኒን ነው። እትዬ ሳይሰጡት በፊት ሰልፋ የሚባለው መድኃኒት አስቸግሮት ያውቅ እንደሆነ፣ የኩላሊት ጠጠር ይኖርበት እንደሆነ፣ አስፕሪን ይወስድ እንደሆነ ጠየቁት። ከዚያ አወሳሰዱን ነግረው እንደ ልማዳቸው አስደገሙት። አንዲት ቃል አልሳተም።

ለሁለተኛው ዙር ሲመጣም እንዲሁ አንድም ሳያስቀር ደገመው። እኔ አጠገቡ ቆሜ ኮርቻለሁ። እሳቸው ግን ክኒኑን አላቀበሉትም።

«አባባ፣ ያልኩትን ደገሙልኝ። አሁን ደግሞ ያደረጉትን ይንገሩኝ።»

አባቴ ወደ እሳቸው ጠጋ አለ። «ልጄ፣ እኔ የመጣሁት ለዓይኔ ነው፤ እናንተ የሽንት መድኃኒት ሰጣችሁኝ። ከሌላ ሰው ጋር ተቀያይሯል ብዬ ተውኩት። ደግሞ ጣቴን ያደነዝዘኛል፤ መርፌው አይታወቀኝም።»

ለእኔ ለልጁ ትንፍሽ አላለም። የሥራ ባልደረቦቼን ማሳጣት መስሎታል።

እትዬ አልተቆጡትም። ክኒኑ የራሱ መሆኑን፣ ሽንት ቢያበዛም ዓይን ውስጥ የሚመነጨውን ፈሳሽ ቀንሶ ግፊቱን እንደሚያወርድ አስረዱት። የጣት መደንዘዝ እንደሚያጋጥም፣ ለሐኪሙ ከተነገረ መጠኑ ወይም ሰዓቱ ሊስተካከል እንደሚችል፣ በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ግን ዓይን እንደሚያሳጣ ነገሩት። ሽፍታ ከወጣ፣ ትንፋሽ ካጠረ ወይም ጎን ከወጋው ሳይውል ሳያድር እንዲመጣም አሳሰቡት። ከዚያ መስኮቱን ለባልደረባቸው ትተው፣ ክንዱን ደግፈው ራሳቸው ሐኪሙ ዘንድ አደረሱት። ግፊቱ ሲለካ ሽቅብ ወጥቷል። የግራ ዓይኑ እይታ ዳር ዳሩ ጠፍቶ ነበር፤ የጠፋውም አልተመለሰም። ቀኙ ግን ተረፈ። ትንሽ ቢቆይ እሱም አይተርፍም ነበር ብሎኛል ሐኪሙ።

ከዚያ ወዲህ እትዬ «ይድገሙልኝ» ብለው አያበቁም፤ «እሺ፣ እንዴት ነው የወሰዱት?» የሚል ጨመሩበት። ሰልፉም ባሰበት። እኔ ግን ትንፍሽ ብዬ አላውቅም።

እትዬ፣ በዚያ መስኮት በኩል እየተቻኮልኩ ብዙ ጊዜ አመሰግናለሁ ብዬዎታለሁ። ዛሬ ረጋ ብዬ ልበለው። የአባቴን ዓይን አትርፈውልኛል። እንደ እሱ ያሉ፣ ስማቸውን የማናውቃቸው ሰዎችም ዛሬ መንገዳቸውን እያዩ የሚሄዱት በእርስዎ ነው። መስኮቱ ላይ ሌላ ሰው ይቀመጣል፤ እኛ ግን እንደምንጎድል ይወቁት።

አባቴ ያው እዚያ በሩ አጠገብ ተቀምጧል። ይሄ ካፖርት እሱ የሰፋልዎት ነው። ትናንት ሲጨርስ፣ ክሩን መርፌው ውስጥ ማን አስገባልህ ብዬ ጠየቅኩት።

«ማን ያስገባልኛል? እኔው ነኛ» አለኝ።

በሉ፣ ብርጭቆአችንን እናንሳ። ለእትዬ ረጅም ዕድሜ ከሙሉ ጤና ጋር፤ ሰልፍ የሌለበት ጠዋት፤ ከባለቤታቸው ጋር ሳይቻኮሉ የሚጠጡት ሻይ። ለጤናቸው።

አንዳንዶቻችሁ እንባ ይዟችሁ ድምፃችሁ አልተሰማም። በእሳቸው ቃል ልጠይቃችሁ፤ ይድገሙልኝ።