ጥቁር ለብሼ መድረክ ልውጣ?

— ሄሎ… ሄሎ? ማን ልበል? … እትዬ ዘርፌ! እንዴት ዋሉ እትዬ! … እኔ ነኝ፣ ጥሩብርሃን ነኝ። … ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። … ድምፄ ምን ሆነ? … ኧረ ምንም፣ ሮጬ ስላነሳሁት ነው።

(ፈይዛ፣ ስፒሉን ተይው! እንዳትወጊኝ! የባሌ የተክልዬ ታላቅ እህት ናቸው፣ የአስኮዋ!)

— የለም፣ እርስዎን አይደለም እትዬ። ጎረቤቴን ፈይዛን ነው። … አዎ፣ ያቺ ልብስ ሰፊዋ። … ምን ልትሠራ? … እንዲሁ፣ ብቅ ብላ ነው። ጎረቤት አይደለች።

— እርስዎስ፣ ጉልበትዎ ተሻለዎት? … እሰይ። … እሰይ፣ ይማርዎት። ደረጃ ግን አይውጡ እትዬ፣ ሰው እኮ የሚሰበረው ተሻለኝ ብሎ ሲዘናጋ ነው።

— አዎ! አዎ፣ ዛሬ ማታ ነው! ማን ነገረዎት? … ሜሪ ደወለችልዎት?

(ሜሪ! ለአክስትሽ ደውለሽ ነበር እንዴ? ምነው ለእኔ ሳትነግሪኝ?)

— አዎ እትዬ፣ የመሥሪያ ቤቷ እራት ነው። የቀለም ፋብሪካው ሠራተኛ በሙሉ፣ ከነቤተሰቡ። ሆቴል እኮ ነው! እራቱ ደግሞ ከላይ፣ መጨረሻው ፎቅ ላይ ነው አሉ። … በሊፍት ነዋ። ሊፍቱ መሀል ላይ መብራት ቢጠፋብንስ እያልኩ እንቅልፍ አልወሰደኝም። … ይሳቁ! እርስዎ ምን አለብዎት፣ ይሳቁ!

— መሸለሟንስ ነገረችዎት? … አልነገረችዎትም? ውይ፣ እንግዲያው እኔ ልንገርዎት! የዓመቱ ምርጥ ሠራተኛ ተብላለች እትዬ! … ሜሪ! የኛ ሜሪ! … ይበሉ! እልል ይበሉ፣ ማንን ይፈራሉ! … (ፈይዛ፣ ትሰሚያለሽ? እልል እያሉ ነው።) … አሜን፣ አሜን። … ስሟ ይጠራል፣ መድረክ ላይ ትወጣለች፣ ከዚያ ደግሞ እናቷ ትጠራለች። … እኔ ነዋ! ሥራ አስኪያጁ ሽልማቱን ለእኔ ይሰጡኛል፣ እኔ ደግሞ ተቀብዬ ለልጄ እሰጣለሁ። በየዓመቱ እንደዚያ ነው የሚያደርጉት አሉ። ሰው ሁሉ ያጨበጭባል፣ ፎቶ እንነሳለን። … እንጃ፣ መስታወት ነገር ነው ብላኛለች። እጄ ደግሞ ሲጨንቀኝ ያልበዋል፣ ከእጄ ቢያመልጥስ? … አይ እትዬ፣ እርስዎ ቀላል አድርገው ያዩታል።

— ምን እለብሳለሁ? …

— ማለት… ልብስ ነዋ። …

— ጥቁሬን ነዋ እትዬ! ሌላ ምን አለኝ? … አዎ፣ አጥቤ ተኩሼዋለሁ። … አሁንማ ይኸው እሱኑ ለብሼ ቁጭ ብያለሁ፣ ምስር እየለቀምኩ። … ምስር፣ ለነገ።

(ሜሪ፣ ምን ሆነሽ ነው አፍሽን የያዝሽው? አትሳቂ!)

— ኧረ እንዴት ብዬ አወልቃለሁ! የተክልዬ ሙት ዓመት ሳይደርስ? ሰው ምን ይለኛል? ሳንሱሲ ያለችው ኢሊሊ እንኳ ቀድማ አወለቀች ተብሎ ስንት ነገር ተወራባት። ባል ልታገባ ነው አሏት፣ ምስኪን፣ እሷ እቴ የታመመ ጥርሷን እንኳ ገና አልነቀለችም፣ የምን ባል! … አዎ። … አዎ፣ ልክ ነዎት። … መጥሪያው ላይማ “ሙሉ ልብስ ወይም የባህል ልብስ” ነው የሚለው። ሜሪ “እማ፣ አንቺ ምን አስጨነቀሽ፣ እዚያ ያለው ሰው ሁሉ ጥቁር ነው የሚለብሰው፣ ጥቁር ዛሬ የድግስ ልብስ ነው” ትለኛለች። የነሱ ጥቁር እኮ ያብረቀርቃል እትዬ። የኔን ያየ ሰው ሁሉ እጄን ጨብጦ “ነፍስ ይማር” ነው የሚለኝ። ሥራ አስኪያጁም ሽልማቱን ይዘው “እግዜር ያጥናሽ” ቢሉኝስ?

— ሄሎ? … እትዬ? ይሰሙኛል? …

— ምን? … ጆሮዬ? … ጆሮዬ ምን ሆነ? … የማን የጆሮ ጉትቻ?

(ፈይዛ፣ ምንድን ነው የምትጠቁሚኝ? ስልኩ ምን ሆነ? … ሜሪ፣ ምን እያለችኝ ነው? … ቪዲዮ? በቪዲዮ ነው የደወሉት?!)

— ወይኔ ጉዴ! … እትዬ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ? … ጆሮዬን ብቻ ነው አይደል ያዩት? … መስታወቱንም? የቁም ሳጥኑን መስታወት? … ከላይ እስከ ታች?

— … አዎ። ወይን ጠጅ ነው። … ከፋይ ነው፣ ጨርቁን ከጦር ኃይሎች ነው የገዛነው። … የለም እትዬ። ምስርም የለም።

— ዋሸሁዎት፣ ይቅር ይበሉኝ። ቆይ ግን ይስሙኝ፣ ከመቆጣትዎ በፊት ይስሙኝ። ያ ፎቶ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የሚኖር ነው። ልጄ ነገ አግብታ፣ ወልዳ፣ ለልጆቿ ስታሳያቸው እኔ ከጎኗ ከል ለብሼ ልቆም? ያን ቀን ማን ሞቶ ነበር ይሏታል እኮ። … ተክልዬን ረስቼው አይደለም። እሱን የምረሳ እመስልዎታለሁ? መሸለሟን የነገረችኝ ቀን መጀመሪያ ያሰብኩት እሱን ነው፣ ቢኖር ኖሮ በደስታ ሰፈሩን እንዴት ያስጨንቅ እንደነበር። … እኔ እኮ የምፈራው ነገር አያልቅብኝም፣ ያውቁኛል። ጥቁሩን ብለብስ ለልጄ ፈራሁ፣ ገዱ አያምርም ብዬ። ባወልቀው ደግሞ እርስዎን ፈራሁ። ዛሬ ጠዋት አወለቅኩና አጣጥፌ አልጋ ስር ከተትኩት።

— እትዬ? … ሄሎ?

(ኔትወርኩ ነው ወይስ ተቀይመውኝ ነው? ሜሪ፣ እስቲ ስልኩን እዪልኝ፣ ፊታቸው ይታያል? … ምን ይመስላሉ? … ተቆጥተዋል በይኛ!)

— አለሁ፣ አለሁ። … ይኸው ከፊቴ አደረግኩት፣ አሁን አየሁዎት። … ማንም አልፈቀደልኝም እትዬ። ራሴ ነኝ ያወለቅኩት። … እንዴት? … ቀለሙ አይደለም ያናደደዎት? … ብቻዬን ማውለቄ?

— … ልክ ነዎት። … አዎ፣ ያለበሱኝ እርስዎ ነዎት። ያን ቀን እጄን እንኳ ማንሳት አቅቶኝ፣ በራስዎ እጅ ነው ያለበሱኝ። … አውቃለሁ፣ የሟች ወገን መጥቶ ነው የሚያወልቀው፣ ሴት ብቻዋን ጓዳ ገብታ እንደ ሌባ አታወልቅም። … እምቢ ይሉኛል ብዬ ነዋ! ጠይቄዎት እምቢ ካሉኝ መቅረቴ ነው። ሳልጠይቅ ከሄድኩ ግን ቢበዛ ይቀየሙኛል፣ ኋላ ሽማግሌ እልካለሁ አልኩ። … ሞኝ ነኝ፣ አዎ። ይስደቡኝ። … እሱም ይገባኛል።

— አሁን? ዛሬ? … በዚህ ጉልበትዎ? … ከጋሼ ጥሩነህ ጋር? … ባልና ሚስት ሆናችሁ ታክሲ ውስጥ ናችሁ?! … ለዚህ ነው የደወሉት? እኔን ሊያስወልቁኝ እየመጡ ነበር? … ነጠላም ገዝተው? … ውይ እትዬ! ውይ እኔን! እኔ ደግሞ ምስር እለቅማለሁ!

(ሜሪ፣ አንቺ ነሽ! አንቺ ነሽ የለመንሻቸው! ነይ ልሳምሽ… ቆይ፣ ስፒሉ ይወጋሻል።)

— ላሳይዎት? … እሺ፣ ሜሪ ትያዘው። (ራቅ በይ፣ ጫፉ ይታያቸው።) … ታየዎት? እጅጌው ረጅም ነው፣ አንገቱም ዝግ ነው። … ልዙር? ይኸው። … እውነትዎን ነው? ለጋሼ ጥሩነህም ያሳዩአቸው… ኧረ አያሳዩአቸው፣ አፍራለሁ! … ምን አሉ? … ሙሽራ? ጉድ ነው፣ ሹፌሩም ይሰማል እኮ! … ከሳሁ? እንዴት ከሳሁ? የምን ምልክት ይሆን እትዬ? … እሺ፣ እሺ፣ ቀሚሱ ነው።

— ታዲያ እትዬ፣ እኔ አውልቄዋለሁ፣ ምኑን ሊያወልቁልኝ ነው? … ምን? … ጥቁሩን መልሼ ልልበሰው? … እርስዎ እንዲያወልቁልኝ? … እሺ። እንዳሉ ይሁን እትዬ፣ አሁኑኑ።

(ፈይዛዬ፣ ስፒሎቹን ንቀዪልኝ፣ ላወልቀው ነው። … ከራሴ አይደለም፣ እሳቸው ናቸው ያሉት! አንቺ እነሱ እስኪደርሱ ጫፉን ትሰፊዋለሽ። ሜሪ፣ ጥቁሩን ከአልጋ ስር አምጪልኝ። … ተጨማደደ? ይጨማደድ፣ ሊወልቅ አይደለም እንዴ፣ ምን ሊሠራ ይተኮሳል! አትሳቁ፣ ሁለታችሁም!)

— አለሁ እትዬ። … አስራ ስምንት ማዞሪያ ደረሳችሁ? እንግዲያው መጣችሁ በሉኛ! ሲወርዱ ይጠንቀቁ፣ እዚህ በር ላይ የተቆፈረ ቦይ አለ፣ ጋሼ ይያዙዎት።

— እትዬ… አንድ ነገር ልጠይቅዎት። … ጥቁሩን ሲያወልቁልኝ ባለቅስስ? … አይ፣ ሜሪ ኩላኛለች፣ ፊቴን ሁሉ አሳምራዋለች፣ ይበላሻል። ዓይኔ አብጦ መድረክ ልወጣ ነው? … እርስዎ ሳይደርሱ አልቅሼ ጨርሼ ልጠብቅዎት እንዴ? …

— አይሆንም? … አብረን? …

— እሺ እትዬ። … እሺ። ሳልጀምር እጠብቅዎታለሁ። … እርስዎም ታክሲው ውስጥ እንዳይጀምሩ። … በሉ፣ ልዝጋ።