የአባቴ መርፌና የሻዩ እንክብል

አባቴ የአጥንት መቅኔ ካንሰር ይዞት ጎንደር መርፌ ሲጀምር፣ ደባርቅ ያለ አንድ ባለሱቅ የአረንጓዴ ሻይ እንክብል ሸጠልኝ። «መርፌው የካንሰሩ ሴል ቆሻሻ ፕሮቲን የሚያስወግድበትን በር ይዘጋል፤ ይኼም የተፈጥሮ ሆኖ ያንኑ ይሠራል። አንድ ላይ ይበረታሉ» አለኝ። አምኜው አባቴን በእጄ አስዋጥኩት።

የአባቴ ሐኪም ስትሰማ ብልቃጡን ነጠቀችኝ። «ይኼ እኮ መርፌውን ራሱን ይዞ ሊያከሽፈው ይችላል! ማን ስጠው አለህ?»

ደባርቅ እንደገባሁ በቀጥታ ሱቁ ሄድኩ። «አባቴን ልትገድልብኝ ነበር!» አልኩት።

«የተፈጥሮ ነገር ምን ይጎዳል?»

«ኮሶም የተፈጥሮ ነው፤ ሲበዛ ዐይን ያጠፋል!» ብዬ ጮህኩበት።

ይኼኔ አንዲት እናት ገብተው «ልጄ፣ ለስኳርስ የሚሆን አለህ?» አሉት። ሰውየው እኔን ትቶ ወደ መደርደሪያው ዞረ። «ሞልቷል፣ እማማ!»