ነጠላ የለበሰችው ቬነስ

(ቅዳሜ ከሰዓት። የንስሐ አባታቸው ቤት ሊባርኩ መጥተው ሳሎን ናቸው፤ አቶ ይርዳውና ባለቤቱ ወይዘሮ ጥሩአየር ጓዳ ገብተው በሹክሹክታ ይጨቃጨቃሉ።)

ጥሩአየር፦ ምን ልበላቸው? የሚባረከውን ውሃ ላመጣ ዞር ብል መስቀሉን ዘርግተውላት ቆመዋል!

ይርዳው፦ ለማን?

ጥሩአየር፦ ለድንጋይህ ነዋ!

ይርዳው፦ ድንጋይ አትበያት። እብነ በረድ ናት፤ የጥንት ሮማውያን እንስት አምላክ፣ ቬነስ...

ጥሩአየር፦ ቀስ በል! አባ የደከመው ዓይናቸው ነው፣ ጆሯቸው ደህና ነው። ጣኦት ጎልቼ ቤት አስባርካለሁ? ሳይመጡ አውጣት ብዬ ስንቴ ለመንኩህ?

ይርዳው፦ አደራ ናት! ጣሊያኑ ወዳጄ ሲኞር ብሩኖ አገሩ ሲገባ እያለቀሰ ነው የሰጠኝ።

ጥሩአየር፦ ሚስቱ አስጨንቃው ነዋ! ያቺ ሴትዮ እንኳን ሐውልቱን እሱንም ልታስወጣው ነበር አሉ።

ይርዳው፦ ሃሜቱን አሁን እንኳ ተዪው። ደግሞ ማን አልብሺያት አለሽ?

ጥሩአየር፦ አባ ፊት ራቁቷን ትቁም?

ይርዳው፦ የክት ቀሚስሽን ከነነጠላው! እኔ ራሴ ደንግጬ «እንዴት ዋልሽ» ልላት ነበር።

ጥሩአየር፦ እኔ ስለብሰው አንድ ቀን ደንግጠህ ታውቃለህ?

ይርዳው፦ እስቲ በበሩ እዪ፣ አሁን ምን ይሏታል?

ጥሩአየር፦ «ጾም አብዝተሻል ልጄ፣ ፊትሽ ነጥቷል።» ወይኔ ጉዴ!

ይርዳው፦ «የባሌ እህት ናት፣ ከገጠር መጥታ ነው፣ አፏ አይፈታም» በያቸው።

ጥሩአየር፦ ለንስሐ አባቴ ልዋሽ? እውነቱን ነው የምነግራቸው፤ እሷም ዛሬውኑ ከዚህ ቤት ትወጣለች!

ይርዳው፦ ጥሩዬ፣ በሞቴ! ለሲኞር ምን እመልስለታለሁ?

ጥሩአየር፦ እሱን አንተ ታውቃለህ። ሄድኩ!

ይርዳው፦ ... ምነው ቶሎ ተመለስሽ? ነገርሻቸው?

ጥሩአየር፦ አፌን ስከፍት «ዝም በይ» አሉኝ።

ይርዳው፦ እሺ?

ጥሩአየር፦ «ይህችን ሴት ተመልከቺ። ስመክራት አላቋረጠችኝም፣ አላዛጋችም፣ ስልኳን አላየችም። እንዲህ ያለ ጨዋ ዛሬ ከየት ይገኛል?»

ይርዳው፦ መስቀሉን አለመሳለሟስ?

ጥሩአየር፦ «አይገባኝም ብላ ነው» አሉ። ትሕትና መሆኑ ነው! አንተ ደግሞ ትስቃለህ?

ይርዳው፦ እኔ አልሳቅኩም።

ጥሩአየር፦ ትከሻህ እየተንቀጠቀጠ! በዚህ ላይ ቀኖና ሰጥተውኛል።

ይርዳው፦ ለአንቺ? ምን አድርገሽ?

ጥሩአየር፦ «በመጣሁ ቁጥር የምትናዘዢልኝ ሃሜት ነው» ብለው። በየማታው ከእሷ ጎን ዝም ብዬ እንድቀመጥ።

ይርዳው፦ እስከ መቼ?

ጥሩአየር፦ ሃሜት እስክተው።

ይርዳው፦ ተመስገን! እንግዲያው ዕድሜ ልኳን እዚሁ ናት!