እስከ አንገቱ የተቀበረው ኮክ

ሰፈሩ ሁሉ «እማማ» የሚላቸው ባልቴት ከችግኝ መሸጫው በር ላይ የጎረቤታቸውን ልጅ ድንገት ባያገኟት ኖሮ፣ ቅጠሉ የተንዠረገገውን ትልቁን የኮክ ችግኝ አቅፈው ይገቡ ነበር። ልጅቷ የግብርና ትምህርቷን ጨርሳ በቅርቡ ነው የተመለሰችው።

«እማማ፣ በዚህ ብርድ ምን አወጣዎት?»

«ጭንቀት ነዋ የኔ እናት! ወንዱ ልጄ ቁርጡን ነገረኝ። ጓሮ የተከልኩት ሁለቴ ከሽፏል፤ ይሄ ካልያዘ ሲሚንቶ አፍስሶ መኪናውን ሊያቆምበት ነው። ያቺ የልጅ ልጄስ የት ትጫወት? ጭስ ስትምግ ትዋል?»

«የፊተኞቹ ምን ሆኑ?»

«አንደኛው ቅጠል ብቻ ሆኖ፣ አንዲት ፍሬ ሳያሳየኝ አረጀ። ሁለተኛውን ግን እንደ አራስ ነው የያዝኩት። እንዳይበርደው እስከ አንገቱ ቀበርኩት፣ ብርድ ልብስም አለበስኩት። በሰበሰ።»

«አይቀየሙኝና፣ በፍቅር ነው የገደሉት።»

እማማ ከፋቸው። ዕድሜ ልካቸውን ልጅ ያሳደጉት በመሸፋፈን ነው፤ መሸፈን ደግሞ ከመቼ ወዲህ ይገድላል?

ልጅቷ ጎንበስ ብላ አንዱን ችግኝ አሳየቻቸው። «ይቺን እብጠት አዩዋት? ግንዱና ሥሩ የተጋጠሙባት ናት። አፈር ከዋጣት ትበሰብሳለች። ብርዱም ጠላቱ አይደለም፤ እንቅልፉ ነው። ቅጠሉን አራግፎ በተኛበት ከተከሉት፣ ሲነቃ አዲሱ ቤቱ ውስጥ ራሱን ያገኛል።»

«እሺ፣ ያ ቅጠላሙስ?»

«እንቅልፍ አልጠገበማ! የብርድ አገር ዘር ይሆናል። የኛ ብርድ መጣሁ ብሎ ወዲያው ነው የሚሄደው። ጥቂት ብርድ የሚበቃውን ዘር ይምረጡ። ይኸውልዎት» ብላ ቅጠል የሌለው ቀጭን እንጨት አቀበለቻቸው።

«ይሄን ማገዶ?»

«እሱም ሲተከል ግማሹ ይቆረጣል።»

«ኧረ በስማም! እናትሽ ይሄን ጭካኔሽን ታውቃለች?»

«ሲነቀል ሥሩ ተቆርጧል እኮ እማማ። በትንሽ ሥር ትልቅ ራስ ይሸከም? ለልጅ ልጅዎ ሙሉ ባልዲ ያሸክሟታል?»

እማማ ማገዶውን ገዙ።

ከሰዓት በኋላ ተከሉት፤ እብጠቷን ከአፈር በላይ አስቀሯት። መቀሱን ግን ለማንም አልሰጡም። «ይቅር በለኝ» ብለው ራሳቸው ቆረጡት። አመሻሽ ላይ ብርዱ ሲበረታ ብርድ ልብሱን ይዘው ወጡ፤ ችግኙ አጠገብ ጥቂት ቆሙ፤ ከዚያ ራሳቸው ተከናንበውት ተመለሱ።

ልጃቸው ከሥራ ሲገባ፣ «እማዬ፣ ዱላ ተክለሽ ነው እንዴ ዛፍ የምትይኝ?» አለ።

«ቀስ ብለህ አውራ፣ ተኝቷል።»

እናንተም ችግኝ ስትገዙ ቁመቱና ቅጠሉ አያታልላችሁ፤ ለአየራችሁ የሚስማማውን ጠይቁ፤ በተኛበት ትከሉት፤ ለመቁረጥም አትሳሱ። የእማማ ኮክ ከታች ስለተቆረጠ ከታች አቆጠቆጠ፤ ዛሬ የልጅ ልጃቸው መሰላል ሳትፈልግ ከጥላው ሥር ቆማ ትቀጥፋለች። የመጀመሪያውን ፍሬ የበላው ግን አባቷ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሲሚንቶ ነገር ከአፉ አልወጣም። መኪናው ደጅ ያድራል። ብርድ ልብሱም አልባከነም፤ እማማ ማታ ማታ መኪናውን ያለብሱታል።